ከእጀታው ሥር የተጻፈ ስም

ኪዮቶ የጃፓን መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ በከተማዋ ምሥራቃዊ መግቢያ ላይ አዋታጉቺ የሚባል ሰፈር ነበር። ጎራዴ ሠሪዎች የሰፈሩበት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ዮሺሚትሱ የሚባል ሰው ብረት ይቀጠቅጥ ነበር። ረጅም ጎራዴ ብዙ አልሠራም። ስሙ የገነነው በአጭሩ ነው፤ ጃፓኖች ታንቶ በሚሉት፣ ስለቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር በማይበልጠው ጩቤ።

ስለ አንዱ ታንቶው እንዲህ ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1493 ሃታኬያማ ማሳናጋ የተባለ የጦር መሪ ተሸነፈ። በዘመኑ መኳንንት ወግ በገዛ እጁ ሊሞት ታንቶውን መዘዘ። ስለቱ ግን ገላው አልገባም አለ። ተናዶ ወረወረው። ታንቶው አጠገቡ የነበረውን የብረት መድኃኒት መውቀጫ በስቶ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ የዮሺሚትሱ ስለት ብረት ይበሳል፣ ጌታውን ግን አይነካም ተባለ።

ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት አልከራከርም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ያ የጦር መሪ ታንቶውን ሲመዝ ሠሪው ከሞተ 200 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሰዉ ግን ብረቱን የሚጠራው በሠሪው ነው። ባለቤቱ ተሸንፏል፣ የቀጥቃጩ ስም አልተሸነፈም።

ይሄ ለምን እንደነካኝ ለመረዳት ማን እንደሆንኩ ማወቅ ይበቃል። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት አለኝ። የመጣነው ከጣና ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከደራ ነው። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሸክላ ሠሪ ነበረች። የአገራችንን ነገር የሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። እሱ ማረሻና ማጭድ፣ እሷ እንስራና ምጣድ ይዘው ገበያ ይወጡ ነበር። የሚቀመጡት ዳር ላይ ነው። ሰዉ ዕቃቸውን ይገዛል፤ ቡና አብሯቸው አይጠጣም። ማታ ጅብ ይሆናሉ ይባል ነበር። ትምህርት ቤት አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ አንድ ቀን ቦታ ቀየረች። እናቷ ዓይኔን እንዳታየኝ ነግራት ነው።

ታንቶን ያወቅሁት በስልክ ነው። ሥራ ስጨርስ ማታ ማታ የብረት ሥራ ቪዲዮ አያለሁ። የሁሉንም አገር አያለሁ፤ የጃፓኑ ላይ ቀረሁ።

መጀመሪያ እንድቆም ያደረገኝ ብረቱ አልነበረም፣ ሽማግሌው እጀታውን የፈታበት መንገድ ነው። የጃፓን ጎራዴ እጀታ በሙጫ አይጣበቅም፣ በብሎንም አይታሰርም። አንዲት ትንሽ የቀርከሃ ችንካር ብቻ ናት የያዘችው። ችንካሯን ገፋ አድርጎ አወጣት፣ እጁን በቡጢ መታ መታ አደረገ፣ ብረቱ ከእንጨቱ ወጣ። በእጀታው ውስጥ ተደብቆ የነበረው የብረቱ ጭራ ጠቁሮ ዝጓል። ስለቱን እንደ መስተዋት የሚወለውል ሰው ያንን ዝገት ፈጽሞ አይነካውም። ዝገቱ ዕድሜውን ይመሰክራል፤ የፋቀው ሰው የዕቃውን ዋጋ ገደለው ማለት ነው። በዚያ ዝገት መሃል በትንሽ መሮ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። የሠሪው ስም ነው። ዮሺሚትሱ ሁለት ፊደል ብቻ ነበር የሚቀርጸው።

ስሙን የሚያየው ማን ነው? የታጠቀው ሰው አያየውም፣ መዳፉ ሸፍኖታል። የሚያየው ሊያጸዳው የፈታው፣ ሊስለው የተቀበለው፣ ከ500 ዓመት በኋላ ሊመረምረው የተቀመጠ ሰው ነው።

በዮሺሚትሱ ከተሠሩት አንዱ ዛሬ ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። አጹሺ ቶሺሮ ይሉታል፤ ቶሺሮ የዮሺሚትሱ የሰፈር ስሙ ነው። ርዝመቱ 21.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ለአንዲት አጭር ስለት ይህ ብዙ ነው። በጥሩር ስንጥቅ መሃል እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው። ጃፓን ብሔራዊ ሀብት ብላ መዝግባዋለች።

የዘር ሐረጉ ደግሞ እንዲህ ነው። የአዋታጉቺ ቤት የተነሣው ስድስት ወንድማማቾች ይዘውት ነው። ከሥልጣን የወረደው ንጉሠ ነገሥት ጎ-ቶባ የአገሩን ጎራዴ ሠሪዎች በየወሩ በተራ ቤተ መንግሥት እየጠራ ያሠራ ነበር፤ ከወንድማማቾቹም ተጠርተዋል። ንጉሡ ራሱም ብረት ይሠራ ነበር ይባላል። ልብ በሉ፣ ንጉሥ ከቀጥቃጭ ጋር አንድ እሳት ፊት! ከወንድማማቾቹ ታናሹ ኩኒትሱና ወደ ካማኩራ ሄደ። እዚያ ሺንቶጎ ኩኒሚትሱ የሚባል የታንቶ ሊቅ ተነሣ፤ የኩኒትሱና ልጅ ነው የሚሉ አሉ። ከኩኒሚትሱ ትምህርት የወጣው ማሳሙኔ ነው፤ ጃፓን ውስጥ ስለ ጎራዴ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ የሚያውቀው ስም። ከማሳሙኔ ሳዳሙኔ።

ማሳሙኔ ስሙን በሥራው ላይ እምብዛም አይቀርጽም ነበር። ይሄ የኔን ሐሳብ የሚያፈርስ ይመስላል፣ ግን አያፈርስም። ስሙ ባይጻፍም ብረቱን አይተው የሚለዩት ሰዎች ነበሩ። ሆናሚ የሚባል ቤተሰብ ለትውልድ ትውልድ ሥራው ጎራዴ መርምሮ የማን እንደሆነ መናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1719 በገዢው በቶኩጋዋ ዮሺሙኔ ትዕዛዝ የታወቁ ጎራዴዎችን መዝገብ ያዘጋጁት እነሱ ናቸው። አንድ አገር የቀጥቃጮቿን ሥራ የሚያውቅ ቤተሰብ አቋቁማ ስታኖር አስቡት።

አሁን ወደ እሳቱ ልግባ። የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

ብረቱ የሚመጣው ከጥቁር የብረት አሸዋ ነው። ሺማኔ በሚባል አውራጃ ታታራ የሚሉት ከሸክላ ጭቃ የሚሠራ ምድጃ አለ። በብርዱ ወራት ይነድዳል። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳያቋርጡ ከሰልና አሸዋ እያፈራረቁ ይጨምሩበታል። ለአንድ ጊዜ 10 ቶን ገደማ አሸዋና 12 ቶን ገደማ ከሰል ይበላል። ሲያበቃ ምድጃውን ያፈርሱታል። ከሥሩ 2.5 ቶን የሚሆን የብረት ቋጥኝ ይወጣል። ለጎራዴ የሚበቃው ከዚያ ከግማሽ ያነሰው ነው፤ ታማሃጋኔ ይሉታል። ይህ ሥራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የጎራዴ ጥበብ ጥበቃ ማኅበር እንደገና አቀጣጠለው። የዛሬ ጎራዴ ሠሪዎች ብረታቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነው።

ቀጥቃጩ ብረቱን ይሰባብረዋል፣ ይደረድረዋል፣ አግሎ ያጣብቀዋል። ከዚያ እየቀጠቀጠ ያጥፈዋል። አሥር ጊዜ ከታጠፈ ንብርብሩ ከ1,000 ያልፋል። በየመምቻው ቆሻሻው እሳት እየሆነ ይረጫል። ሲያልቅና ሲሳል ንብርብሩ ስለቱ ላይ እንደ እንጨት ሥር መስመር ሆኖ ይታያል።

ከዚያ ሸክላው ይመጣል። እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቁሜ ደግሜ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰውየው የሸክላ አፈር፣ የከሰል ዱቄትና የመሳያ ድንጋይ ዱቄት ይለውሳል። ብረቱን ይቀባዋል። ጀርባው ላይ ወፍራም፣ ስለቱ ላይ ስስ። ያደርቀዋል። የሥራ ቤቱን ያጨልማል፤ የብረቱን ፍም ቀለም ዓይኑ በደንብ እንዲለይ ነው። ቀለሙ ልክ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ስሱ ሸክላ ያለበት ስለት ቶሎ ይቀዘቅዝና ይጠነክራል። ወፍራሙ ያለበት ጀርባ ቀስ ብሎ ይበርድና ልስልስ ይሆናል፣ አይሰበርም። ሁለቱ የሚገናኙበት ድንበር ነጭ መስመር ይሠራል። ሃሞን ይባላል። የያንዳንዱ ቤት መስመር የተለየ ነው። የዮሺሚትሱ ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ እጀታው አካባቢ ብቻ ትንንሽ እንክብሎች በሰልፍ የተደረደሩ ይመስላሉ።

ያንን ጭቃ ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ አፈሩን ብቻውን አትሠራበትም ነበር። የተሰበረ እንስራ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ገሉን ከአፈሩ ጋር ትለውሰው ነበር። ገል ያልገባበት ሸክላ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ጃፓናዊው የድንጋይ ዱቄት የሚጨምረው ሸክላው እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅና ከብረቱ እንዳይላቀቅ ነው። ሁለቱ ቢገናኙ በምልክት ይግባቡ ነበር።

አባቴም ቢሆን ስለቱን ብቻ ማጠንከር ያውቅበታል። እሱ ሸክላ አይቀባም። ከአሮጌ መኪና ባሊስትራ ያወጣውን ብረት ቀጥቅጦ ቢላዋ ሲያደርገው፣ በጉጠት ይዞ ውሃ ውስጥ የሚነክረው የስለቱን በኩል ብቻ ነው። ጀርባው እንደጋለ ይቀራል። ከዚያ ስለቱን ድንጋይ ላይ ፈግ ፈግ ያደርግና ይጠብቃል። ከጀርባው የቀረው ሙቀት ወደ ስለቱ እየወረደ ቀለም ያመጣል። መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይመጣል፤ ቆይቶ ይቀላል፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። ለቢላዋ በገለባው ላይ ያቆመዋል። ለድንጋያማ መሬት ማረሻ ትንሽ ያሳልፈዋል። ይሄን ማንም አልጻፈለትም። አጎቱ ነው ያሳየው፤ አጎቱን ያሳዩት አባቱ ናቸው።

ታንቶ ዛሬ ለጦር አይደለም። ጥንትም ለጦር ብቻ አልነበረም። በጃፓን ንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅ ሲወለድ ንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ የሚሆን አጭር ጎራዴ ይልካል። ለአራሱ ልጅ! ሙሽራም በባህላዊ ልብሷ መታጠቂያ ላይ ትንሽዬ ጩቤ ትሰካለች፣ በጥለት ከረጢት ተሸፍና። ሰው ሲሞትም አስከሬኑ ደረት ላይ ጠባቂ ስለት የማኖር ልማድ አለ። ሲወለድ፣ ሲያገባ፣ ሲሞት። በሦስቱም የቀጥቃጭ እጅ የነካው ብረት አጠገቡ ነው። እኛ ጋ ለአራስ ቤት ቀጥቃጭ እንዳይቀርብ በር ይዘጋ ነበር።

ሥራው ግን ሁልጊዜ አልተመቸውም። እ.ኤ.አ. በ1876 የጃፓን መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መውጣትን ከለከለ። በአንድ ጊዜ ገበያው ሞተ። ብዙ ሠሪዎች ወደ ኩሽና ቢላዋና ወደ እርሻ ዕቃ ዞሩ። ከማይለቁት አንዱ የጋሳን ቤት ነው።

ጋሳን ያማጋታ አውራጃ ያለ ተራራ ነው፣ ቁመቱ 1,984 ሜትር፤ ተራራው የተሳላሚዎች ነው። በግርጌው የነበሩ ቀጥቃጮች ስሙን ይዘው ቀሩ። ምልክታቸው ብረቱ ላይ የሚታየው ንብርብር ነው፤ እንደ ሐይቅ ሞገድ ከእጀታ እስከ ጫፍ ይታጠፋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳዳዮሺ የተባለው ወደ ኦሳካ ወረደ። ልጅ አድርጎ ያሳደገው ሳዳካዙ ክልከላው ሲመጣ 40 ዓመቱ ነበር። አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1906 የንጉሠ ነገሥቱ ቤት የጥበብ ባለሙያ ተብሎ ተሾመ። ከእሱ ሳዳካትሱ፣ ከሳዳካትሱ ሳዳኢቺ። ሳዳኢቺ ላይ ደግሞ ሌላ ክልከላ መጣ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1945 ስትሸነፍ ጎራዴ መሥራት ጭራሽ ታገደ። ያንን ዘመን አልፎ በ1971 መንግሥት ብሔራዊ ሕያው ቅርስ ብሎ ሰየመው። ልጁ ሳዳቶሺ ናራ አካባቢ ሥራውን ቀጠለ፤ ከእሱም ልጁ ሳዳኖቡ።

ዛሬ ጃፓን ውስጥ ጎራዴ ሠሪ መሆን የፈለገ ሰው ፈቃድ ካለው መምህር ሥር ቢያንስ አምስት ዓመት ይማራል። ከዚያ መንግሥት ይፈትነዋል። ካለፈ በኋላም በወር የሚሠራው የተወሰነ ነው፤ ረጅም ከሆነ 2፣ አጭር ከሆነ 3። በችኮላ እንዳይበላሽ ነው። የተሠራው ሁሉ እንደ ጥበብ ሥራ ይመዘገባል።

እኛስ? ቀጥቃጭ አልነበረንም የሚል የለም። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ሩቅ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት እዚያው አጠገብ ጋፋት ላይ ነው፤ 70 ኩንታል የሚደርስ መድፍ። ከአውሮፓ የመጡት ሠራተኞች ስም በታሪክ አለ፣ ቫልድማየርን ጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ወናፉን የነፉት፣ ከሰሉን ያከሰሉት፣ ብረቱን የሰበሰቡት ያገር ሰዎች እነማን ነበሩ? ስማቸውን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ዘጌም ሄጃለሁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት ውስጥ ነገሥታት የሰጡት ዘውድ አለ። የሚጠብቁትን አባት፣ «አባ፣ ማን ነው የሠራው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የሰጠውን ንጉሥ ስም ነገሩኝ። «የሰጠውን አይደለም አባ፣ በእጁ የቀጠቀጠውን» አልኩ። ዝም ብለው አዩኝና፣ «እሱንማ እግዚአብሔር ያውቀዋል ልጄ» አሉ። አልተቀየምኳቸውም፤ የተነገራቸውን ነው የነገሩኝ። እዚያው ቤት ካሉት የብራና መጻሕፍት ግን ጸሐፊያቸው ስሙን ጽፎ ጸልዩልኝ ያለባቸው አሉ። መጽሐፍ የጻፈ ስሙን ያኖራል። ዘውድ የቀጠቀጠ አያኖርም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው እየሰደበ የሚጠራ ሰው እንደሚቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ መስደብ በስም ተጠቅሶ ተከልክሏል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቦታ የቀየረችው ከአዋጁ በኋላ ነው።

ባለፈው አባቴ ለሕክምና ባሕር ዳር መጥቶ እኔ ጋ ሰነበተ። ማታ ቪዲዮውን አሳየሁት። ሸክላው ላይ ሲደርስ ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ «ጠመመ፤ አየሽ? ወደ ላይ ጎበጠ» አለ። እውነቱን ነው። የጃፓን ጎራዴ የሚጎብጠው እዚያ ውሃ ውስጥ ነው። እኔ አላየሁትም ነበር።

ስም የተቀረጸበትን ጭራ ሳሳየው ዝም አለ። እዚህ ገጽ ላይ ስለ እሱ ልጽፍ እንደሆነ፣ ስሙንም እንደማኖር ነገርኩት።

«ስሜን ተይው» አለ።

«ለምን አባዬ?»

«የወንድምሽ ልጆች ገና አላገቡም።»

መልስ አልነበረኝም። ተናድጄ ነበር፣ በእሱ አይደለም። ሰማንያ ሊሞላው የተቃረበ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ገበሬውን ሁሉ አሳርሶ፣ ስሙ የልጅ ልጆቹን ትዳር ያበላሻል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የዮሺሚትሱ ስም አለ፣ የሳዳካዙ ስም አለ፣ የአባቴ የለም። የቀረው በእሱ ፈቃድ ነው፣ አከብረዋለሁ።

በማግስቱ ግን ሥራ ቤቴ ገብቶ ከባሊስትራ ቢላዋ ልሥራ አለኝ። ኤሌክትሪክ መንፊያ አለኝ፣ ወናፍ አያስፈልገውም። ስለቱን በራሱ መንገድ ነከረው፣ በገለባው ቀለም አቆመው። እጀታ ሳይገባበት ጭራውን ወደ እኔ አዙሮ፣ «እዚህ ላይ ከሆነ ጻፊው። እንጨቱ ይሸፍነዋል» አለ።

ፊደላችን ለመሮ አይመችም። የጃፓኑ ፊደል ብዙው ቀጥታ ጭረት ስለሆነ በቀጥታ መሮ በአጭር በአጭሩ ይመታል። የእኛ ክብ ይበዛበታል፤ በስሙ ውስጥ ያለችው «ው» ብቻ ሦስት መሮ አበላሸችብኝ። መጨረሻ ላይ ከተሰበረ የድሪል መብሻ ጫፉ ክብ የሆነ ምት ሠራሁ። ብረቱ ከመነከሩ በፊት ነው መምታት ያለበት፣ ወይም ጭራው ሳይጠነክር ከቀረ በኋላም ይሆናል፤ አባቴ ጭራውን ውሃ ስለማያስነካው ለስላሳ ነው፣ ይቀበላል። የቢላዋ ሥራ ያላችሁ ልጆች ምቱን መዋስ ትችላላችሁ፣ ሥራ ቤት ኑና ውሰዱ።